ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ቤተ መዘክር

ሀብቱን ቈጥሮ የማያውቅ ሰው በተዘረፈ ጊዜ ምን እንደ ጠፋበት ለዳኛ ማስረዳት አይችልም። አገርም እንዲሁ ነው። በምድሩ የሚበቅለውን፥ በገደሉ የሚኖረውን፥ በድንጋዩ ውስጥ የተሰወረውን በስሙ መጥራት የማይችል ሕዝብ፥ ምንም እንኳ ሀብት ቢኖረው፥ እንደ ድኻ ይኖራል።

ወጣቶች ሆይ፥ ዛሬ ስለ አንድ ቤት ልነግራችሁ እወዳለሁ። ይኸውም በምሥራቁ ደቡብ ጎንደር፥ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ምድር ሊቆም ስለሚገባው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቃችሁ።

ቤተ መዘክር፥ ዛሬ ብዙ ሰው ሙዚየም የሚለው፥ የነገሥታት ካባና ዘውድ የሚቀመጥበት ብቻ አይደለም። የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የሚባለው እንስሳው፥ ወፉ፥ ዕፁ፥ ዘሩና ድንጋዩ ስሙና የተገኘበት ስፍራ ተጽፎለት፥ ለሚማርም ለሚመራመርም የሚጠበቅበት ቤት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአራት ኪሎው ግቢ እንዲህ ያለ የእንስሳት ቤተ መዘክር አለ፤ የደረቁ ዕፀዋት የሚጠበቁበት ብሔራዊ ሄርባርየምም በ1959 ተቋቍሟል። ሁለቱም ለአገር ክብር ናቸው። ነገር ግን ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ፥ አዲስ አበባ ደርሶ፥ ይህን አይቶ የሚመለስ የገበሬ ልጅ ስንት ይሆናል?

ስለዚህ ቤቱ በአገሩ ይቁም እላለሁ። ጠቤም «አይቁም» ከሚሉት ይልቅ «ይቁም» ብለው አቋቋሙን ከሚያበላሹት ጋር ነው።

ዕቅድ አውጪዎቻችን አንድ ልማድ አላቸው። ቤተ መዘክር ሲባል አስቀድሞ የሚታያቸው መስታወት የለበሰ ሕንጻ ነው። ከዚያ ቦታ ይከለላል። ከዚያ ከከተማ የመጣ አማካሪ ሦስት ቀን ሆቴል ተቀምጦ፥ ራእይና ተልእኮ፥ እሴትና ስልታዊ ግብ በሚሉ ቃላት የተሞላ ወፍራም ጥራዝ ያዘጋጃል። ከዚያ ሕዝብ ተጠርቶ፥ እንግዳ ተጋብዞ፥ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የገበሬው ድርሻ ማጨብጨብ ብቻ ነው። በጀቱ ባለቀ ጊዜ አማካሪው ወደ ከተማው፥ ጥራዙም ወደ መሳቢያው ይመለሳል፤ ድንጋዩ ግን ፍየል ሲታከክበት ይኖራል።

ይህን የገንዘብ ማነስ ብቻ ነው የሚለኝ ሰው አያሳምነኝም። ገንዘቡ ቢትረፈረፍ እንኳ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ በውስጡ የሚቀመጠው ነገር ማን ዘንድ እንዳለ የጠየቀ ሰው የለምና።

እስኪ አስቀድመን ምድሩን እንመልከት። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። የምድር ሊቃውንት እንደሚሉት ጉና ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው፤ የሰሜኑን ደጋ ያለበሰው ጥቍር ድንጋይ ግን ከእርሱ በብዙ ይበልጣል፥ ዕድሜውም 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ወደ አባይ በረሐ በወረድን ቍጥር ከዚህም የጠና ዘመን እናገኛለን። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል በተቈረጠው ገደል የኖራ ድንጋይ ይታያል፤ በውስጡም የባሕር ዛጎል አለ። እንግዲህ ዛሬ ውኃ በእንስራ የሚቀዳበት አገር አንድ ዘመን ከባሕር በታች ነበረ ማለት ነው።

በጉና አናት ላይ ጅብራና ጓሳ፥ ዝቅ ሲሉ አስታ፥ ከዚያም በታች ኮሶና ወይራ፥ በበሽሎና በአባይ ሸለቆ ደግሞ የቈላው ግራር ይገኛል። ከብርዱ ጫፍ እስከ ቈላው ሐሩር በእግር የሚወረድበት አገር ነው። እንዲህ ያለውን ምድር ለማየት ሌላው ዓለም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ይመጣል። እኛ ግን በላዩ ተወልደን በላዩ እንሞታለን፤ የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ይህን የሚያውቀው ማን ነው? በማስተማር በኖርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን «በአገራችን ያለ አንድ እንስሳ ሣሉ» ብዬ ሳዝዝ አብዛኞቹ አንበሳ ይሥሉልኝ ነበር፤ ቀጭኔ የሣለም አልጠፋም። አንበሳም ቀጭኔም በዓይናቸው አይተው አያውቁም። በመጽሐፍ የተሣለው እውነት፥ በደጃቸው ያለው ግን ከቍጥር የማይገባ መስሏቸዋል። ፊደል ያልቈጠረው እረኛ ግን የትኛው ሣር ላም እንደሚያወፍር፥ የትኛው ቅጠል ፍየል እንደሚገድል፥ የትኛው ወፍ ሲጮኽ ዝናብ እንደሚቀርብ ያውቃል። አንዱ ትምህርት አለው፥ ዕውቀቱ ግን ስለ ሌላ አገር ነው፤ ሁለተኛው ዕውቀት አለው፥ የሚጽፍለት ግን የለም። ቤተ መዘክር ማለት እነዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት ስፍራ ካልሆነ ምን ይጠቅመናል?

ይህን በታሪክ ላስረዳችሁ። ኤድዋርድ ሩፐል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ከ1831 ጀምሮ ወደ አገራችን መጥቶ እስከ ሰሜን ተራሮችና እስከ ጎንደር ደረሰ። የሰበሰባቸውን እንስሳት ወደ አገሩ ወስዶ ዘንከንበርግ በሚባለው ቤተ መዘክር አኖራቸው፤ ከ1835 እስከ 1840 ባሳተመውም ሥራ ዋልያን፥ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሊቃውንት አስታወቀ። ዛሬ የዓለም ሳይንስ ጭላዳን «ጌላዳ»፥ ዋልያንም «ዋሊ» እያለ ይጠራል። ሩፐል ሥጋውንና ቆዳውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ከአባቶቻችን አፍ ወሰደ ማለት ነው። እኔ እርሱን ልወቅሰው አልነሣሁም፤ እርሱስ ጠይቆ ጻፈ። የምወቅሰው ከእርሱ በኋላ ወደ 200 ዓመት ገደማ ቆይቶ፥ የዚያኑ እረኛ የልጅ ልጅ ምንም ሳይጠይቅ የሚያልፈውን የራሳችንን ሰው ነው።

ሁለተኛም ምሳሌ አለ፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሲመራመር ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ያ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ተሸካሚ ነው። ከዚያች አንዲት ማስተዋል የተነሣ እንዶድ በዓለም ታወቀ፤ አክሊሉና የሥራ ጓደኛው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «አማራጩ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ልብ በሉ፤ የምርምሩ በር የተከፈተው በመስታወት ቤት ውስጥ አይደለም፥ ልብስ በሚያጥቡ እናቶች አጠገብ ነው። በእስቴና በስማዳ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ዛሬም አሉ። የዕቅድ ኮሚቴ አባል ሆነው የተመረጡት ግን ስንቶቹ ናቸው? «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይባላል፤ የእኛ ዕቅድ ግን ከባለቤቱ ያወቁ ሰዎች ዕቅድ ሆኗል።

የራስን ነገር አለመመዝገብ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ጤፍ ያስተምረናል። በ2007 አንድ የሆላንድ ሰው የጤፍ ዱቄት አሠራርን እንደ ራሱ ፈጠራ አስቈጥሮ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አገኘ። እናቶቻችን ዘመን ሳይቈጥሩለት ሲፈጩትና ሲያቦኩት የኖሩት ጤፍ ነው! በ2018 የሔግ ፍርድ ቤት በዚህ ውስጥ አዲስ ፈጠራ የለም ብሎ መብቱን በሆላንድ ውድቅ አደረገው። ፍርዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን 11 ዓመት ወሰደ። ቀን፥ ስፍራና የተናጋሪ ስም ያለበት መዝገብ ጋሻ ነው፤ መዝገብ የሌለው ግን በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ይሟገታል።

አሁን የተቃዋሚዎቹን ቃል እንስማ፤ ሳይሰሙ መፍረድ የፈሪ ነውና።

አንዱ፥ «ሕዝቡ እየተራበ ቤተ መዘክር ምንድር ነው? ቅንጦት ነው» ይላል። ይህ የሚያዝን ልብ ያለው ሰው ንግግር ስለ ሆነ አልንቀውም። የጋይንትና የስማዳ ሕዝብ ድርቅን ያውቃል፤ በ2005 የተጀመረው ሴፍቲ ኔትም ብዙ ቤተ ሰብ ደግፏል። ነገር ግን ረኀብ የሚገድለው ሰውን ብቻ አይደለም። በክፉ ቀን ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢመጣም የአባቱን ዘር አያገኘውም። ጥቍር ገብስ፥ ሰነፍ ቆሎ፥ ብርድና ድርቅ የለመደው ስንዴ እንዲህ እያሉ ከቀዬው ይጠፋሉ። ይህን የተረዱት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በ1976 የተቋቋመውን የዕፀዋት ዘር ባንክ ሲመሩ፥ በ1984ቱ ድርቅ ዘመን የአገር ዘር እንዳይጠፋ አሰባሰቡ፤ በኋላም ዘሩ ወደ ገበሬው ማሳ እንዲመለስ አደረጉ። እርሳቸውም በዚያው በ1989 ያንኑ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ በሩስያ አለ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለ ሊቅ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዘር ሰብስቦ ሌኒንግራድ አኖረው። ከ1941 ጀምሮ ያች ከተማ በጦር ተከብባ ሕዝቧ በረኀብ ሲያልቅ፥ የዘሩ ጠባቂዎች በእህል መካከል ተቀምጠው እህሉን ሳይነኩ ከእነርሱ አንዳንዶቹ በረኀብ ሞቱ። ለእነርሱ ዘር መጠበቅ ቅንጦት ነበርን? የተራበ ሰው ዘርን ከጠገበ ሰው ይልቅ አጥብቆ መጠበቅ እንደሚገባው በሞታቸው አስተማሩን።

ሌላው፥ «ገበሬ ሳይንስ ምን ያውቃል? ለሊቃውንት እንተወው» ይላል። ሊቃውንት ያስፈልጋሉ፤ ያለ እነርሱ ስም ከስም ይደበላለቃል። ነገር ግን ሊቅ ጠያቂ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግም ይህንኑ ይላል፤ በ2006 የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 ስለ ማኅበረሰቡ ዕውቀት ሕዝቡ የመፍቀድና የመከልከል መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ አንድ የመድኃኒት ዐዋቂ ሥሩን አልናገርም ቢሉ ይከበሩ። ሳይወዱ የተገኘ ዕውቀት ስርቆት ነው፥ በመዝገብ ቢጻፍም።

እንግዲህ መልካም ዕቅድ የሚጀምረው ከሕንጻ ሥዕል ሳይሆን ከጥያቄ ነው። እኔ ብጠየቅ ዕቅድ አውጪዎቹን አምስት ነገር አስመልሳቸዋለሁ።

አንደኛ፥ ቤቱ ለማን ነው? «ለቱሪስት» ካሉ ዕቅዱን ይዝጉት። ወደ ላሊበላ የሚሄድ እንግዳ በነፋስ መውጫ ሲያልፍ ቢያየው መልካም ነው፤ ሰላም በጠፋ ጊዜ ግን እንግዳው ይቀራል፥ ልጆቻችን ግን በዚያው ይኖራሉ። ቤቱ በልጆቻችን ይቁም፥ እንግዳውም በእንግድነቱ ይግባ።

ሁለተኛ፥ የሚያዝዘው ማን ነው? በመንዝ የጓሳን መስክ የአገሩ ሰዎች ቄሮ በሚባል ሥርዐት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምረው ጠብቀውታል፤ ሣሩ እንዲያገግም መስኩ ለዓመታት ይዘጋ፥ በተስማሙበት ጊዜም ይከፈት ነበር። የ1975ቱ የመሬት ዐዋጅ ሥርዐቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በሌላ መልክ እንደገና ተደራጅቶ መስኩን አትርፏል። የሕዝብ ሥርዐት ከወደቀ በኋላ እንኳ ይነሣል፤ የመሥሪያ ቤት ትእዛዝ ግን ሹሙ በተቀየረ ዕለት ይረሳል። ስለዚህ ከቤተ መዘክሩ ሸንጎ ግማሹ ገበሬዎች፥ እረኞች፥ እናቶችና የደብር አገልጋዮች ይሁኑ፤ ለማጨብጨብም ሳይሆን ለመወሰን ይቀመጡ።

ሦስተኛ፥ የሚሰበሰበው ምንድር ነው? ቀይ ቀበሮን ገድሎ በጭድ ሞልቶ ማቆም ክብር አይደለም፤ በዓለም ሁሉ የቀሩት የጎለመሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉምና። የእርሱ ሥዕልና ከእርሱ ጋር የኖሩ ሽማግሌዎች ቃል ይበቃል። ዘርም በጠርሙስ ብቻ ተዘግቶ አይቀመጥ፤ ዘር ብዙ ቆይቶ ካልተዘራ ይሞታልና በየጊዜው የሚዘራበት ማሳና የሚዘራው ገበሬ በዕቅዱ ውስጥ በስም ይጻፍ።

አራተኛ፥ ስፍራው የት ነው? ሁሉን በአንድ ጣራ ሥር ማከማቸት የሞኝ ብልጽግና ነው። በ1818 የተቋቋመው የብራዚል ብሔራዊ ቤተ መዘክር 20 ሚሊዮን ያህል ቅርስ ነበረው፤ በመስከረም 2018 በአንድ ሌሊት እሳት አብዛኛው ዐመድ ሆነ። በአገራችንም የደሴ ቤተ መዘክር በ2021 በጦርነቱ ተዘርፏል፤ ጦርነቱም በዚያው ዓመት ነፋስ መውጫ ደርሷል። ስለዚህ የጉናው ነገር በእስቴና በላይ ጋይንት፥ የዘሩ በታች ጋይንት፥ የሸለቆው ድንጋይና ዕፅ በስማዳ ይቀመጥ፤ ባለው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ይበቃል። መዝገቡም በግልባጭ በየስፍራው ይኑር።

ሕያው ቤተ መዘክርም አስቀድሞ ቆሟል። በደቡብ ጎንደር ከ1,000 የሚበልጡ ደኖች በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተጠብቀው ይገኛሉ። «እመጓ» በሚለው መጽሐፋቸው የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 በሆላንድ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ስለ እነዚሁ ደኖች ነው። በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ሲራቈት በደብሩ አጸድ ያሉት ወይራ፥ ጽድና ዝግባ የተረፉት በጥበቃ ሠራተኛ ብዛት አይደለም፤ የእኔ ነው የሚል ሕዝብ ስላላቸው ነው። ዕቅድ አውጪዎቻችን ይህን የተሳካ ቤት ሳያጠኑ ወደ ሩቅ አገር ለልምድ ልውውጥ መሄዳቸው ይደንቀኛል።

አምስተኛ፥ ሪባኑ ከተቈረጠ በኋላ የጠባቂውን ደመወዝ የሚከፍል፥ ጣራው ሲያፈስ የሚጠግን ማን ነው? ይህ በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ካልተጻፈ የቀረው ገጽ አይነበብ። የቤቱም ፍሬ በጐብኚ ቍጥር አይለካ። የሚለካው ከአሥር ዓመት በኋላ የአርብ ገበያ ልጅ በደጁ ያሉትን 50 ዕፀዋት በስም መጥራት በመቻሉ፥ ገበሬውም የጠፋበትን ዘር ከዚያ ቤት ማግኘት በመቻሉ ነው።

አሁን ቃሌን ወደ እናንተ ወደ ወጣቶች እመልሳለሁ። ይህ ሁሉ የባለሥልጣን ሥራ ነው ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ትልልቆቹ ሰዎች እስኪስማሙ ድረስ የሚያውቁት ሽማግሌዎች አይቈዩም፤ በየቀብሩ ያልተጻፈ መጽሐፍ አብሮ ይቀበራል። አንድ ደብተር ግዙ። ገጹን በአራት ክፈሉት፤ የነገሩን ስም፥ የተገኘበትን ስፍራ፥ ቀኑንና የነገራችሁን ሰው ጻፉበት። ስማቸው እንዲጻፍ የማይወዱ ቢኖሩ ፈቃዳቸውን ጠብቁ። አያቶቻችሁን ስለ ዘር፥ እናቶቻችሁን ስለ ቅጠል፥ እረኞችን ስለ ሣርና ስለ ወፍ፥ ካህናቱን ስለ ደብራቸው ዛፎች ጠይቁ። የዕፁን ቅጠል በጋዜጣ መካከል አድርቃችሁ አኑሩ። በኋላም ለመምህራችሁ አሳዩ፤ መምህሩም ለዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያሳይ። በእጃችሁ ያለውን ስልክ ለጨዋታ ብቻ አታድርጉት፤ የሽማግሌውን ድምፅ ቅዱበት።

እንዲህ ያለ ደብተር በየቀበሌው አንድ አንድ ቢኖር፥ ነገ አማካሪው ወፍራም ጥራዙን ይዞ ሲመጣ «ተቀመጥ፤ አስቀድመህ ይህን አንብብ» የሚለው ሕዝብ ያገኛል። ሕንጻው ቢመጣ የሚያኖረው ሀብት አያጣም፤ ባይመጣም ቤተ መዘክሩ በእናንተ እጅ ቆሟል።